የኦይስተር ሥጋ ምርመራ በፖስታ፦ ሪፉን የሚያደክመው ፍሳሽ ከየት እንደመጣ ለማወቅ

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከባሕር ዳር የተለቀመ ኦይስተር ወይም ሌላ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ሥጋው ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከዱቄቱ 1 ሚሊ ግራም ያህል በትንሽዬ የቲን ካፕሱል ተጠቅልሎ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ከሳምንታት በኋላ ለእያንዳንዱ ናሙና የካርቦንና የናይትሮጅን አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ አቶሞች) ቁጥር በኢሜይል ይመጣል። የናይትሮጅኑ ቁጥር ለአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፦ ኮራል ሪፉ (ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት የገነቡት አለት) ድረስ የዘለቀው ንጥረ ምግብ የከተማ ፍሳሽ ነው፣ ማዳበሪያ ነው ወይስ የባሕሩ የራሱ?

አገልግሎቱን በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ደንበኛ በክፍያ ይሰጣሉ። ለዚህ ግምገማ መለኪያ ያደረግነው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የስቴብል አይሶቶፕ ፋሲሊቲን ነው፤ የናሙና አዘገጃጀት መመሪያው ለጀማሪም ግልጽ ነውና። ፍርዳችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ፦ «ይህ ናይትሮጅን የማን ነው፣ እስከ የትስ ደርሷል?» ለሚል ሰው በዚህ ወጪ ከዚህ የተሻለ ምርመራ አናውቅም። «ምን ያህል ፍሳሽ ይገባል?» ለሚል ሰው ግን ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል። ውጤት የሚያበላሹት ስህተቶችም አብዛኞቹ የሚሠሩት ናሙናው ፖስታ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ ስለ መዶሻው፣ ስለ ማድረቂያውና ስለ ሚዛኑ አብዝተን እንጽፋለን።

ውሃውን ራሱን ለምን አንለካም?

ጤናማ ሪፍ የሚኖረው በድሃ ውሃ ውስጥ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ናይትሬት ብዙ ጊዜ ከ1 ማይክሮ ሞል በታች፣ ፎስፌቱም 0.1 ማይክሮ ሞል አካባቢ ነው። ይህ የፎስፌት መጠን ወደ ሚሊ ግራም ሲቀየር በሊትር 0.0095 ይሆናል። ለዓሣ ገንዳ ባለቤቶች የሚሸጡት የኪስ መለኪያዎች የስህተት ወሰናቸው ከ0.02 እስከ 0.04 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ስህተቱ ከሚለካው ነገር ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይበልጣል። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ሪፍ ላይ ቆሞ ቁጥር መጻፍ ከግምት አይሻልም።

ጥሩ ላቦራቶሪ ቢገኝ እንኳ ችግሩ አያልቅም። ፍሳሽ በየሰዓቱ እኩል አይፈስም፤ ከዝናብ በኋላ፣ በማዕበሉ መውረጃ ሰዓት፣ ቱሪስት በበዛበት ሰሞን ይጨምራል። ሪፉ የደረሰውንም አልጌው በሰዓታት ውስጥ ይውጠዋል። በማግስቱ የተቀዳ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ያሳያል፣ አልጌው ግን ኮራሉን መሸፈኑን አላቆመም። የንጥረ ምግብ ብክለት እያሳሳቀ እንደሚወስድ ጎርፍ ነው፤ ጉዳቱ ለዓይን ሲታይ ኮራሉ ከተሸነፈ ሰንብቷል።

ዛጎሉ ግን ቦታውን አይለቅም። ቀንና ሌሊት ውሃ እያጣራ ይበላል፤ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ያህል ሊያጣራ ይችላል። የበላው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ስንጥቡና የምግብ መፍጫ እጢው ያለፉትን ሳምንታት ምግብ ያንጸባርቃሉ፤ ክዳኑን የሚዘጋው ጡንቻ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚታደስ የወራትን አማካይ ይይዛል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ከ1986 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ የባሕር ዳር ብክለቷን «ሙስል ዋች» በተባለው ፕሮግራም በዛጎሎች ስትከታተል ቆይታለች፤ የዚያ ፕሮግራም ዋና ትኩረት ግን ከባድ ብረቶችና ኬሚካሎች ናቸው። ለንጥረ ምግብ የሚያገለግለው የአይሶቶፑ ንባብ ነው።

ቁጥሩ ምን ይናገራል?

ናይትሮጅን ሁለት የተረጋጉ አይሶቶፖች አሉት፤ ቀላሉ 14፣ ከባዱ 15። የአየር ናይትሮጅን ዜሮ ተብሎ ሌላው ሁሉ ከእርሱ አንጻር «በሺህ ስንት» እየተባለ ይነገራል። ባክቴሪያዎች ቀላሉን ስለሚያስቀድሙ፣ ፍሳሽ በማጣሪያ ጣቢያና በመሬት ውስጥ ሲብላላ፣ አሞኒያውም ሲተን፣ የሚቀረው ናይትሮጅን እየከበደ ይሄዳል። በደንብ የተብላላ ፍሳሽ ናይትሬት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በሺህ ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ በዜሮ ዙሪያ፣ የጥልቅ ባሕር ናይትሬት 5 አካባቢ፣ ከአየር ናይትሮጅን የሚወስዱ ጥቃቅን ተንሳፋፊዎች ደግሞ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። በላተኛው ከምግቡ በአማካይ 3.4 በሺህ ያህል ይከብዳል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ድረስ ያነብና «ከፍተኛ ቁጥር ማለት ፍሳሽ፣ ዝቅተኛ ቁጥር ማለት ንጹሕ» ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ አደገኛ ነው፤ ከተሞችንም በሐሰት ነጻ ያወጣል። ጥሬው ፍሳሽ ገና ስላልተብላላ ከባድ አይደለም። ናይትሮጅኑ ከባሕሩ ከራሱ ብዙም ላይለይ ይችላል፣ አብሮት የሚፈሰው ጠጣር ቅንጣትም ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ያነሰ ቁጥር አለው። ማጣሪያ የሌላት ከተማ ቱቦዋን በቀጥታ ወደ ባሕር ብትለቅ፣ ቱቦው አፍ ላይ ያለው ኦይስተር ከንጹሑ ቦታ ኦይስተር ያነሰ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ ከተማዋ ዘመናዊ ማጣሪያ ሠርታ ናይትሮጅኑን አብዛኛውን ስታስወግድ፣ የሚተርፈው ጥቂቱ በጣም የከበደ ስለሚሆን የዛጎሉ ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ብክለቱ ቀንሶ ቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ የፍሳሹን ዓይነት ሳያውቁ፣ ከቻሉም ከራሱ ከፍሳሹ ናሙና ሳይወስዱ፣ ዛጎል መሰብሰብ አይጀምሩ።

አንድ ገደብም እንጨምር። ፎስፈረስ የተረጋጋ አይሶቶፑ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ምርመራ የፎስፌቱን ምንጭ አይናገርም። ችግሩ በዋናነት ፎስፌት ነው ተብሎ በሚጠረጠርበት ቦታ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

ከፍሎሪዳ ኪስ የሚወሰድ ትምህርት

በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ያሉት የፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶች ለዚህ ሥራ የተሠሩ ይመስላሉ፣ ከሥራው ችግሮች ጋር ጭምር። መሬቱ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ነው። ለአሥርት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፍሳሻቸውን በሴፕቲክ ታንክና በተራ ጉድጓድ ወደዚህ ድንጋይ ሲለቁ ኖረዋል። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ጉዳት የሌለው ቫይረስ በመጸዳጃ ቤት ለቅቀው ሲከታተሉት፣ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአቅራቢያው የጀልባ ቦይ ውሃ ውስጥ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹ ወደ ማዕከላዊ የፍሳሽ መስመር ተዛውረዋል፤ ብዙዎቹ ማጣሪያዎች ግን የተጣራውን ውሃ የሚለቁት ከ18 እስከ 27 ሜትር ጥልቀት ባላቸው ጉድጓዶች ወደዚያው ድንጋይ ነው። ከላይ ያልነው «ብክለቱ ቀንሶ ቁጥሩ ይወጣል» የሚለው ወጥመድ የሚያሰጋው በእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው። የ1990ዎቹን ቁጥር ከዛሬው ጋር አስተያይቶ «ባሰበት» ወይም «ተሻለው» ለማለት የፍሳሹን መጠን የሚናገር ሌላ ማስረጃ የግድ ነው።

በእነዚህ ደሴቶች «ሙስል ዋች» የሚጠቀመው ካማ የተባለውን ዛጎል ነው፤ እንግሊዝኛው ስሙ የጌጥ ሣጥን ማለት ነው። ካማ አንዱን ክዳኑን በድንጋይ ላይ ለጥፎ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ለቦታ ምስክርነት ከዚህ የተሻለ የለም፣ ለለቃሚ ግን አስቸጋሪ ነው። ጠፍጣፋ መሮና ከባድ መዶሻ ይያዙ። ከባሕር ግንብ፣ ከድልድይ ምሰሶና ከሞተ ድንጋይ ላይ ብቻ ይልቀሙ፤ በሕይወት ያለ ኮራል ላይ የተለጠፈውን አይንኩት። አካባቢው ከ1990 ጀምሮ የብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ምንም መነሳት የለበትም።

በሃዋይ ያለችው የማዊ ደሴት ነገር ደግሞ ይህ ዓይነት ማስረጃ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። የላሃይና ማጣሪያ የተጣራ ፍሳሽ ወደ ጉድጓድ ይጨምር ነበር። በባሕሩ ዳር ምንጮች አጠገብ የበቀለው አልጌ ናይትሮጅኑ ከ40 በሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ወደ ጉድጓዱ የተጨመረ ቀለም በ84 ቀን በባሕሩ ምንጮች ብቅ አለ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ተወሰነ፤ በመሬት ውስጥ አልፎ የሚደርስ ፍሳሽም በቀጥታ ከተለቀቀ ጋር የሚስተካከል ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል ተባለ። እዚያ ምስክር የሆነው አልጌ እንጂ ዛጎል አልነበረም። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፦ አልጌ በውሃው የሟሟውን ናይትሮጅን ይይዛል፣ ዛጎል የሚንሳፈፈውን ቅንጣት ይበላል። ሁለቱን ከአንድ ቦታ ጎን ለጎን መውሰድ ከእያንዳንዱ ለየብቻው በእጅጉ ይበልጣል።

ቦታና ብዛት

ከፍሳሹ መውጫ ጀምሮ ወደ ሪፉ በሚወስደው መስመር ላይ አራት ቦታ፣ ከዚያ ውጭ ፍሳሽ የማይደርስባቸው ሁለት የማነጻጸሪያ ቦታዎች ይምረጡ። አንድ ማነጻጸሪያ ብቻ መያዝ የተለመደ ስህተት ነው፤ እርሱ በራሱ ምክንያት ቢያፈነግጥ ሥራው በሙሉ ይወድቃል። ከየቦታው አንድ ዓይነት ዝርያ፣ መጠናቸው የተቀራረበ 8 እንስሳት ይበቃሉ። የመጠኑ ጉዳይ ትንሽ ነገር አይደለም፦ ትልቁና ትንሹ የሚያጣሩት የቅንጣት መጠንና የሚታደሱበት ፍጥነት ስለሚለያይ፣ ከአንዱ ቦታ ትላልቅ ከሌላው ትናንሽ ከለቀሙ የዕድሜን ልዩነት የፍሳሽ ልዩነት አድርገው ያነባሉ። ሁሉንም ቦታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጨርሱ።

ስድስቱ ቦታ ለእያንዳንዱ 8 ሲባዛ 48 ናሙና ነው። ከየቦታው 3 አልጌ ሲጨመር 66። 12 ድጋሚና የራስዎ መቆጣጠሪያ ናሙና ሲጨመር 78፤ ባለ 96 ቀዳዳ ትሪ ውስጥ ይገባል። ዛጎሉ የሚበላውን ቅንጣት ለመያዝ ከየቦታው ሁለት የውሃ ማጣሪያ ወረቀትም ያስፈልጋል፤ እርሱ ግን ትልቅ ካፕሱልና የተለየ አሠራር ስለሚፈልግ በሌላ ትሪ ይላካል፣ ክፍያውም ብዙ ጊዜ የተለየ ነው። ለማጣሪያው 0.7 ማይክሮ ሜትር የመስታወት ቃጫ ወረቀት በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ4 ሰዓት አስቀድሞ ይቃጠላል። በጠራ የሪፍ ውሃ ወረቀቱ ቀለም እስኪይዝ ድረስ ብዙ ሊትር ማሳለፍ ይጠይቃል፤ 1 ሊትር አጣርቶ መላክ ባዶ ወረቀት እንደመላክ ነው።

ሪፉ ላይ ዛጎል ከሌለ ከንጹሕ ቦታ አምጥቶ በፕላስቲክ መረብ ሣጥን ማንጠልጠል ይቻላል። ከታችኛው ደለል ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆይ፣ መረቡን የሚደፍነው አልጌ በየሁለት ሳምንቱ ይፋቅ። ዝርያው የዚያው ባሕር ተወላጅ መሆን አለበት፤ ባዕድ ዝርያ ማምጣት ከፍሳሹ የባሰ ጥፋት ሊያስከትል ይችላል። የዚህ መንገድ ስውር እንከን ረሃብ ነው። በድሃ ውሃ ውስጥ የተራበ ዛጎል የራሱን ሥጋ ስለሚያቃጥል ናይትሮጅኑ ይከብዳል፤ ንጹሑ ሪፍ ላይ የተራበው ዛጎል ፍሳሽ የበላ ይመስላል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ የእያንዳንዱን ደረቅ ሥጋ ክብደት ለደረቅ ዛጎሉ ክብደት አካፍለው በ100 ያባዙ። ይህ ቁጥር ሣጥኑ ከመንጠልጠሉ በፊት ከነበረው በጣም ከወረደ የዚያን እንስሳ አይሶቶፕ አይመኑ።

ከባሕር እስከ ካፕሱል

ጓንት ያድርጉ። ፍሳሽ አጠገብ የኖረ ዛጎል የሰው በሽታ አምጪ ባክቴሪያና ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል ከናሙናው የተረፈው ለምግብ አይውልም፣ ወጥ ቤት ውስጥም አይከፈትም። በበረዶ ያጓጉዙ፤ በዚያው ቀን መክፈት ካልተቻለ ወደ ፍሪዘር። አልኮልና ፎርማሊን የአይሶቶፑን ቁጥር ሊያዛቡ ስለሚችሉ አይጠቀሙ።

ከተከፈተ በኋላ ጡንቻውን ብቻ ቆርጠው ያውጡ። ሙሉ ሥጋ የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ ያኔ ሆዱ ውስጥ ያለው ያልተፈጨ ምግብና የወሲብ ሕዋሱ አብሮ ይገባል፣ ቁጥሩም በመራቢያ ወቅት ይዋዥቃል። ጡንቻ ከተወሰደ ዛጎሉን በተጣራ ውሃ 24 ሰዓት አቆይቶ ሆዱን ማጽዳት አያስፈልግም፤ ይህ ብቻውን የአንድ ቀን ሥራ ያተርፋል። ጡንቻው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ የዛጎል ስባሪ በወረንጦ ይለቀም፣ በ60 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ይድረቅ። ከዚያ በሸክላ ወይም አጌት በተባለ ጠንካራ ድንጋይ ሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፈጭ። ሻካራ ዱቄት ትልቅ ችግር ነው፤ 1 ሚሊ ግራም ሙሉውን ጡንቻ መወከል አይችልም፣ ድጋሚዎቹም አይገጥሙም። በየናሙናው መካከል ሙቀጫውና ዘነዘናው በአልኮል ተጠርገው ይድረቁ።

የዛጎል ስባሪ ካልወጣ ምን ይሆናል? ካርቦኔቱ የካርቦኑን ቁጥር ወደ ላይ ይገፋዋል። በአሲድ ማስወገድ ይቻላል፣ ግን አሲዱ ናይትሮጅኑንም ሊነካ ይችላል። አሲድ የግድ ከሆነ ዱቄቱን ለሁለት ይክፈሉ፤ አሲድ የተነካው ለካርቦን፣ ያልተነካው ለናይትሮጅን። የስብ ነገርም እንዲሁ የካርቦን ጣጣ ነው፦ ስብ ካርቦኑን ያቀልለዋል። የካርቦን ለናይትሮጅን ምጥጥኑ ከ3.5 በታች ከሆነ ስቡን ማውጣት አያስፈልግም፤ ጡንቻን እንድንመርጥ ያደረገን አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለእንስሳ ሥጋ የሚመዘነው 1 ሚሊ ግራም ነው፣ 0.2 ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ደረቅ ጡንቻ ከ12 እስከ 14 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው 1 ሚሊ ግራሙ ከ120 እስከ 140 ማይክሮ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ዴቪስ የሚመክረው ደግሞ ከ20 እስከ 150 ነው። «ብዙ ባስገባ ይሻላል» ብሎ 3 ሚሊ ግራም የሚያስገባ ሰው ናሙናውን ያበላሻል እንጂ አያሻሽልም። አልጌ ናይትሮጅኑ ጥቂት ስለሆነ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ለዚህ ማይክሮ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የሌለው ሰው ለተጨማሪ ክፍያ የሚመዝኑለት ላቦራቶሪዎች አሉ። ካፕሱሉ በወረንጦ ተጣጥፎ ጠባብ ኪዩብ ይሁን። ከዚያ ንጹሕ ጥቁር ወለል ላይ ጥቂት ጊዜ ይጣል፤ ዱቄት ከታየ ተቀዷል፣ እንደገና ይጠቅለል። ሹል ጫፍ የወጣበት ካፕሱል ማሽኑ ውስጥ ተሰንቅሮ የሌላ ሰውን ሥራ ጭምር ሊያቆም ይችላል።

አገልግሎቱ ራሱ

ዴቪስ ለረጅም ጊዜ የያዘው የመለኪያ ልዩነት ለካርቦን 0.2፣ ለናይትሮጅን 0.3 በሺህ ነው። ፍሳሽ ለመለየት ይህ በቂና ከበቂ በላይ ነው፤ በቦታዎች መካከል የምንፈልገው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ1 በላይ ነውና። የራሱን የማረጋገጫ ናሙናዎች በየትሪው መካከል ያስገባል። የደረቀ ናሙና በረዶ ስለማይፈልግ በተራ ፖስታ ይሄዳል፤ ከሌላ አገር የሚልክ ሰው ግን የእንስሳ ቲሹ ወደ አሜሪካ የሚገባበትን ደንብ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። የናሙና ዝርዝሩ ከትሪው ቀዳዳዎች ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት። አንድ ቀዳዳ ተዘልሎ ቢሞላ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስሙ ይዛነፋል፤ የራስዎን መቆጣጠሪያ ናሙና በማይመሳሰሉ ቦታዎች መበተን ይህን ስህተት ወዲያው ያጋልጣል። ክፍያው በናሙና ነው፣ ሲታሰብም ከጀልባ ኪራይና ከፈቃድ ወጪ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ላቦራቶሪው ግን ቁጥር እንጂ ትርጉም አይልክም።

ቁጥሩ ሲመጣ

ለምሳሌ ያህል የማነጻጸሪያው ኦይስተር 6፣ ከፍሳሹ አጠገብ ያለው 9 በሺህ ሆኖ መጣ እንበል። የሦስት ልዩነት ግልጽ ምልክት ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ወደ መቶኛ ይሮጣሉ። ከፍሳሽ የሚገኘው ምግብ 12 ነው ብለን ብንነሳ፣ እርሱን ብቻ የበላ ኦይስተር 15.4 ይሆናል፤ ስሌቱም 3 ለ9.4፣ ማለትም 32 በመቶ ይሰጣል። ምግቡ 10 ከሆነ 41 በመቶ፣ 20 ከሆነ 17 በመቶ ይወጣል። ያው ኦይስተር፣ ያው ላቦራቶሪ፣ ከ17 እስከ 41። የፍሳሹን ቁጥር ራስዎ ካልለኩ መቶኛውን አይጻፉ፤ ከመውጫው እየራቁ ሲሄዱ ቁጥሩ የት ላይ ከማነጻጸሪያው ጋር እንደሚገናኝ በካርታ ማሳየት ይበቃል፣ ለውሳኔ ሰጪም ከመቶኛው ይልቅ ይገባዋል። ክርክር በሚነሳበት ቦታ ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣውን ኮፕሮስታኖል የተባለ ውሁድ ጨምረው ያስመርምሩ።

የዛጎሉን ቅርፊት በየንብርብሩ አንብቦ ያለፉትን ዓመታት ታሪክ ማውጣትም ይቻላል፤ በሙዚየም መሳቢያ የተቀመጠ አሮጌ ዛጎል ሳይቀር ይናገራል። ሆኖም በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እጅግ ጥቂት፣ ካርቦኔቱ ደግሞ ብዙ ስለሆነ ከተራው አገልግሎት ጋር አይገጥምም። ከላቦራቶሪው ጋር አስቀድመው ሳይነጋገሩ የቅርፊት ዱቄት አይላኩ።

ቀይ ባሕር ላይ ላላችሁ

ጂዳ ወይም ኢላት ሆነው ይህን ለመሞከር የሚያስቡ አንባቢዎች የሚያስፈልጋቸው ዛጎል በእጃቸው ነው። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው የቀይ ባሕር ኦይስተርና ትንሹ ጥቁር ሙስል ጥሩ ናቸው፤ በምጽዋ በኩል ለንግድ ሲወጣ የኖረው የዳህላክ የዕንቁ ኦይስተርም ለጡንቻ ትልቅነቱ ይመቻል። ትሪዳክና የተባለውን ግዙፍ ዛጎል ግን ይተዉት። ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፣ ሥጋው ውስጥም ፀሐይ የሚመገብ አልጌ ስለሚያኖር ከሌሎቹ ጋር አይነጻጸርም።

በጂዳ መሃል ያሉት የአል-አርበዒንና የአል-ሸባብ ሐይቆች ለብዙ ዓመታት ፍሳሽ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው፤ እዚያ ጥሬውና የተጣራው ሊደባለቅ ስለሚችል ዝቅተኛ ቁጥር ያገኘ ሰው ቶሎ ደስ አይበለው። በኢላት የከተማው ፍሳሽ ወደ ባሕር መለቀቁ በ1995 ቆሟል፣ የዓሣ እርባታ ሣጥኖቹም በ2008 ተነስተዋል። ከዚያ ዘመን የተረፈ ዛጎል የሚመረምር ሰው የሁለቱን ምንጮች ቁጥር መለየት ይቸግረዋል፤ ከዓሣ ዱቄት የተሠራ መኖ የበሉ ዓሦች የሚያስወግዱት ናይትሮጅንም ከባድ ነውና። ኢላት ባለችበት በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ሌላም ነገር አለ፦ በቀዝቃዛው ወራት ውሃው እስከ ታች ይደባለቃል፣ አንዳንድ ዓመት ከ300 ሜትር በላይ፣ የጥልቁ ናይትሬትም ወደ ላይ ይወጣል። በመጋቢት የተለቀመ ማነጻጸሪያ ከመስከረም ናሙና ጋር አይወዳደርም።

ከምርመራው የተረፈውን ዱቄት አይጣሉት። በመስታወት ብልቃጥ፣ ቦታው፣ ቀኑና የእንስሳው ቁጥር በእርሳስ ተጽፎበት፣ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ለዓመታት ይቆያል። ለኮፕሮስታኖል የታሰበው ሥጋ ግን ገና ሲከፈት ተለይቶ፣ ፕላስቲክ ሳይነካው በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይግባ፤ አንዴ ከጡንቻው ጋር ተቀላቅሎ ከተፈጨ ወደ ኋላ መመለስ የለም።